በካርቶን ላይ ስለ ተመታ ማኅተምና ስለ ሰማያዊው ጣቃ

ይድረስ የሸማቹን ጥቅም እንዲጠብቅ ለተቋቋመውና በአክብሮት ስሙን ላልጠራሁት ጽሕፈት ቤት ክቡር ኃላፊ
ደባርቅ፣ ነሐሴ 9 ቀን 2002 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሞ የእግዚአብሔር ሰላም ከእርስዎ፣ ከቤተሰብዎና ከጽሕፈት ቤትዎ ማኅተም ጋር ይሁን። ክረምቱ ዘንድሮ ጠንክሯል። ጉሙ ከገደሉ ሥር እየተነሣ እስከ እኩለ ቀን ከተማውን ስለሚሸፍነው፣ ብርዱ ቢሮዎ ድረስ ዘልቆ እንዳያገኝዎ ስሠጋ ሰንብቻለሁ። ይሁን እንጂ ባለፉት ሦስት ሳምንታት አራት ጊዜ መጥቼ በሩን አራት ጊዜ ተዘግቶ ስላገኘሁት፣ ብርድም ሆነ ባለጉዳይ እንደማይገባብዎ አረጋግጬ ደስ ብሎኝ ተመልሻለሁ።

ስሜ ያርጋል ዋሴ ይባላል። በገበያው መግቢያ፣ ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ልብስ ስሰፋ የኖርሁ ሰው ነኝ። ፊደል የቆጠርሁት ደረስጌ ማርያም ነው፤ ዳዊት ደግሜ፣ ቅኔ ጀምሬ ሳልጨርስ ወደ መርፌ ዞርሁ። ስለዚህ ደብዳቤዬ ከልክ ቢረዝም የየኔታ ጥፋት ነው፤ ቢያጥር ደግሞ የመቀሴ።

በግልጽ የጻፍሁት እርስዎን ላሳጣ አይደለም። በሐሳብ መስጫ ሣጥናችሁ ሦስት ጊዜ ጽፌ ከትቻለሁ። የሣጥኑ ቁልፍ ከጠፋ ሁለት ዓመት እንዳለፈው የነገረኝ የግቢያችሁ ዘበኛ ነው፤ ብዙ ወረቀት ስለ ገባበት አሁን ሣጥኑ መሙላቱንም አክሎ ነገረኝ። ቦታ እንዳላጣብብ ብዬ ይህኛውን ከወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ፤ ቁጥር እንደምትወዱ አውቃለሁና።

፩. የመጀመሪያው ምስጋናዬ ስለ ማስታወቂያው ነው። ባለፈው ዓመት በነሐሴ ወር፣ የተማሪዎች የደንብ ልብስ «ጥራቱ በጽሕፈት ቤታችን ከተረጋገጠው ሰማያዊ ጨርቅ ብቻ» እንዲሰፋ አዘዛችሁ። የከተማውን አምስት ልብስ ሰፊዎች ሰብስባችሁ፣ ከዚያ ጨርቅ ሌላ የሰፋ ፈቃዱን እንደሚነጠቅ ነገራችሁን። እስከዚያ ቀን ድረስ ወላጅ ሁሉ ጨርቁን በእጁ ዳስሶ፣ ወደ ፀሐይ ገልጦ፣ ሦስት ሱቅ ዞሮ ነበር የሚገዛው። ከዚህ ሁሉ ድካም ገላገላችሁት።

፪. ሁለተኛው ምስጋናዬ ስለ ምርመራችሁ ጥልቀት ነው። የመጀመሪያውን ጣቃ ጠረጴዛዬ ላይ ስዘረጋ፣ እንደ ልማዴ ጫፉን ወደ በሩ ወስጄ ከብርሃን አንጻር ገለጥሁት። ማጉ በየክንዱ ሳስቶ ብርሃን እንደ ወንፊት ያሳልፋል። ከድሩ አንድ ክር ጎድሏል፤ የጎደለበት መስመርም ከጣቃው ራስ እስከ ግርጌው እንደ ቀጭን መንገድ ወርዷል። የግራው ጠርዝና የቀኙ ጠርዝ ቀለማቸው የአንድ አባት ልጆች አይመስልም። ነጭ ጨርቅ አርጥቤ ብፈትገው ነጩ ሰማያዊ ሆነ። ስንዝር ያህል ቆርጬ፣ ውኃ ነክሬ በካውያ ባደርቀው ሁለት ጣት አጠረ። እኔ ላቦራቶሪ የለኝም፣ ክቡር ሆይ፤ ይህን ያየሁት በአንድ በር፣ በአንድ ጣሳ ውኃና በአንድ ካውያ ነው።

ቁራጩን ይዤ መጣሁ። እርስዎ ስብሰባ ላይ ነበሩ። የተቀበለኝ የጥራት ባለሙያዎ አቶ ገዱ ነው፤ ወንበር ስቦ አስቀምጦኛልና ለዚህስ ከልቤ አመሰግነዋለሁ። ቁራጩን አሳየሁት።

«ማኅተሙን አይተሃል?» አለኝ።

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ ማኅተሙን ካየህ፣ ሌላ ምን ልታይ ነው ጨርቁን የምትገልጠው?»

ጨርቁን መርምሮት እንደሆነ ጠየቅሁት። ማኅተሙ የሚመታው በካርቶኑ ላይ መሆኑን፣ ካርቶን መክፈት ደግሞ የነጋዴውን ንብረት መንካት ስለሚሆን እንደማይከፈት፣ ሳያፍር፣ እንዲያውም እንደ ደንበኛ አሠራር አድርጎ አስረዳኝ። እኔም ሄጄ ካርቶኑን ዙሪያውን መረመርሁት። እውነቱን ነው። ካርቶኑ አንዳች ጉድለት የለበትም።

ከቢሮው ስወጣ፣ «አንተ ልብስ ሰፊ ነህ፣ ስፋ። የልማት እንቅፋት አትሁን» ብሎ መከረኝ። ምክሩን ሰማሁ። ሄጄ ሰፋሁ።

፫. ሦስተኛው ምስጋናዬ ስለ አንዲት ልጅ ነው፤ ቢረዝም ይታገሡኝ።

ስጦታ ላቀው ትባላለች። አባቷ ላቀው ወደ ሳንቃ በር ለሚወጡ ቱሪስቶች ዕቃ የሚያመላልስ በቅሎ ጫኝ ነው። እናቷ ወይዘሮ አልጣሽ ጥጥ ትፈትላለች፤ የእርሷን ፈትል ለማግኘት ሸማኔዎች ይሻማሉ። ቤታቸው ከደባርቅ ወዲያ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። ልጅቱ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች፤ ሁለት ሰዓት መጥታ ሁለት ሰዓት እየተመለሰች ከክፍሏ አንደኛ ትወጣለች።

ልትለካ ስትመጣ እናቷም አብራ መጣች። ወይዘሮ አልጣሽ የጨርቁን ጫፍ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መካከል አድርጋ አንድ ጊዜ ብቻ አሸት አደረገችው።

«አያ ያርጋል፣ ይኼ ጨርቅ ሳይለበስ ያረጀ ነው» አለች።

«የታዘዘው እሱ ነው፣ እቴ» አልኋት።

«አንተስ ምን ትላለህ?»

መቀሴን አነሣሁ።

ስጦታ ግን ደስ ብሏት ነበር። ሁለት ኪስ እንዳደርግላት ለመነችኝ፤ አንዱ ለእስክርቢቶዋ፣ አንዱ በመንገድ ላይ እጇን ከብርድ የምትሸሽግበት። ጨርቁ በልክ የተሰጠ ስለነበረ፣ ያችን ክር የጎደለባትን መስመር ቆርጬ የምጥልበት ትርፍ አላገኘሁም። ከፊት እንዳትታይ ብዬ በጀርባ በኩል አዋልኋት። ስፌቱን ሁሉ እጥፍ አድርጌ ደገምሁት። ልብስ ሰፊ ኅሊናው ሲወቅሰው የሚያውቀው መድኃኒት ይኸው ነው፤ ክር መጨመር።

መስከረም ሳይወጣ ዝናብ መንገድ ላይ አገኛት። ክፍል ስትደርስ አንገቷና ክንዷ ሰማያዊ ሆኗል፤ በጉያዋ የያዘችው የሒሳብ ደብተርም ገጹ ሁሉ ጠፍቷል። ኅዳር ላይ ቀሚሱ ታጥቦ ከጉልበቷ በላይ ወጣ። ታኅሣሥ ላይ ቀለሙ ከላይ አመድ፣ ከታች ወይን ጠጅ መሰለ። የእርሷ ብቻም አይደለም፤ ልጆቹ ሲሰለፉ ከአንድ ትምህርት ቤት ሳይሆን ከአምስት አገር የመጡ ይመስሉ ነበር። እናንተም ይህን አይታችሁ ዝም አላላችሁም። በጥር ወር ለትምህርት ቤቱ፣ የደንብ ልብሱን ቀለም ያልጠበቀ ተማሪ ከበር እንዲመለስ ጻፋችሁ። ጨርቁ ቀለሙን አልጠበቀምና ልጆቹ ተቀጡ። ስጦታ ሦስት ቀን ተመልሳለች፤ ሦስቱንም ቀን ወደ ቤቷ አልሄደችም። ከክፍሏ በስተኋላ ካለው አጥር ውጭ ቆማ፣ የመምህሯን ድምፅ እየሰማች ጽፋለች። በአራተኛው ቀን መምህሯ ዘበኛውን ለምነው አስገቧት።

በመጋቢት፣ አንድ ሰኞ ጧት፣ በመንፈቁ አንደኛ ስለ ወጣች ባንዲራ እንድትሰቅል ተጠራች። በሰልፍ ላይ ከደንብ ልብስ በላይ መደረብ ክልክል ስለሆነ ነጠላዋን ለጓደኛዋ ሰጥታ ወጣች። ገመዱን ልትስብ ሁለት እጇን ወደ ላይ ስታነሣ ቀሚሱ ከአንገቷ እስከ ወገቧ ተተረተረ፤ ያች እኔ በጀርባ ያዋልኋት መስመር። ድምፁ እስከ ኋለኛው ሰልፍ ተሰማ ይላሉ። ዘጠኝ መቶ ተማሪ ነው የቆመው። መጀመሪያ አንዱ ሳቀ፣ ከዚያ ሁሉም። ስጦታ ገመዱን አልለቀቀችም። ባንዲራውን እስከ ጫፍ ሰቅላ፣ ገመዱን ቋጥራ፣ ነጠላዋን ተቀብላ በዋናው በር ወጣች። በዚያ ቀን ከበር የመለሳት ማንም አልነበረም።

እኔ የሰማሁት ከሰዓት በኋላ ነው። ያለኝን ጠንካራ ካኪ አውጥቼ አዲስ ቀሚስ ሰፋሁላት፤ ወደ ምክትል ርእሰ መምህሩም ሄጄ በዚያ እንድትማር ለመንኋቸው። ደግ ሰው ናቸው፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ነገር ግን የእናንተን ደብዳቤ ከመሳቢያቸው አውጥተው አሳዩኝ። ካኪው ማኅተም የለውም።

ቢሆንም ቀሚሱን ይዤ ቤቷ ድረስ ሄድሁ። እናቷ እንዝርቷን አስቀምጣ ተነሣችልኝ። ልጅቱ ቀሚሱን ተቀበለች፣ ገለጠች፣ ወደ በሩ ወስዳ ከብርሃን አንጻር አየችው። ያን ማየት ማን እንዳስተማራት እንጃ። ከዚያ አጥፋ ጭኗ ላይ አስቀመጠችና ጠየቀችኝ።

«ጋሼ፣ ያንን ሲሰፉልኝ ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር፣ ልጄ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም? ነጠላዬን አላወልቅም ነበር።»

ክቡር ሆይ፣ ብዙ ስድብ ችዬ ያደግሁ ሰው ነኝ። ልብስ ሰፊ ባለጊዜም ባለተስካርም ይጮኽበታል። ይህን ያህል የከበደኝ ቃል ግን ሰምቼ አላውቅም። አልጮኸችም፣ አልወቀሰችኝም፤ ማወቅ ይገባት የነበረውን ብቻ ነው የጠየቀችኝ። የእርስዎ ጽሕፈት ቤት የተቋቋመውም፣ ካልተሳሳትሁ፣ ይህንኑ እንዲነግራት ነበር።

፬. አራተኛው ምስጋናዬ ስለ ፍትሐችሁ ፍጥነት ነው። በሚያዝያ ወይዘሮ አልጣሽ የአርባ ሦስት ልጆችን ቀሚስና ሸሚዝ ሰብስባ፣ ከእናቶቻቸው ጋር መጥታ በግቢያችሁ አጥር ላይ አሰጣችው። እርስዎም ወዲያው ከቢሮዎ ወጥተው የግቢው ውበት መበላሸቱን ተናገሩ፤ በማግስቱም አምስት አባላት ያሉት ኮሚቴ አቋቋሙ። አምስቱም የተከበሩ ሰዎች ናቸው። መርፌ የያዘ ግን አንድም የለባቸውም።

ኮሚቴው ሲቀመጥ ወይዘሮ አልጣሽ አንድ ማንቆርቆሪያ ውኃ ይዛ ገባች። የራሷን ነጠላ ጫፍ አርጥባ፣ በፊታቸው በአንዱ ቀሚስ ላይ ፈተገችና ዘርግታ አሳየቻቸው። ነጠላው ሰማያዊ ሆኗል። ሰብሳቢው ረዘም ላለ ጊዜ ከተመለከቱት በኋላ ለጸሐፊው እንዲህ ሲሉ አስመዘገቡ፦ «ነጠላው አስቀድሞ ንጹሕ ስለ መሆኑ የቀረበ ማስረጃ የለም።»

«የፈተልሁት እኔ፣ ያጠብሁት እኔ፤ ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ይምጣ?» አለቻቸው።

«በጽሑፍ» ተባለች።

ውሳኔው በሦስተኛው ቀን ወጣ። ጉድለቱ የጨርቁ ሳይሆን የስፌቱ ሆኖ ተገኘ። ከአምስታችን ልብስ ሰፊዎችም ጉድለት የተገኘበት፣ ቁራጭ ይዞ ቢሮ የመጣው አንዱ ብቻ ሆነ። ፈቃዴ ተነጠቀ፣ ሱቄ ታሸገ፣ በበሩ ላይ በተለጠፈው ወረቀትም ማኅተማችሁ ተመታ። ክቡር ሆይ፣ ያ ማኅተም ግንቦትን፣ ሰኔንና ሐምሌን ሙሉ ዝናብ ወርዶበታል። ቀለሙ አልለቀቀም። ጽሕፈት ቤታችሁ ጥሩ ቀለም የት እንደሚገኝ የሚያውቅ መሆኑን ያመንሁት ያን ጊዜ ነው።

፭. አምስተኛው አጭር ነው። የተረፉት ካርቶኖች በጭነት መኪና ሲጫኑ አይቼ፣ ወዴት እንደሚሄዱ አቶ ገዱን ጠየቅሁት። «ወደ ቆላ ነው፤ እዚያ ዝናብ አይበዛም» አለኝ። ስለ ቆላ ልጆች ስላሰባችሁ አመሰግናለሁ።

ከዚህ በኋላ ያለውን በቁጥር መጻፍ አልቻልሁም።

ስጦታ ወደ ትምህርት ቤት አልተመለሰችም። እናቷ ለመነቻት፣ እኔም ለመንኋት፤ መምህሯም በእግራቸው ሄደው ለመኗት። «ሲስቁ የነበሩት እዚያው ናቸው» ብቻ ነው መልሷ። በሰኔ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ሲሰጥ የእርሷ ወንበር ባዶ ነበር። በሐምሌ መጀመሪያ አባቷ፣ ከቤት ከምትውል ብሎ፣ የእህቱን ልጆች እንድትይዝ ጎንደር ወስዶ ሰጣት። በአውቶቡስ ተራው ሸኘኋት። ካኪውን ቀሚስ ለብሳ ነበር። ደኅና ይሁኑ ስትለኝ አላቀረቀረችም፤ እኔ ነኝ ያቀረቀርሁት።

አውቶቡሱ ከሄደ በኋላ ወይዘሮ አልጣሽ ከድንጋዩ ላይ ተቀመጠችና፣ «አያ ያርጋል፣ ልጄን ጨርቅ ወሰደብኝ ብዬ ለማን ልንገር? ሞት አይደለ፣ ለቅሶ አይቀመጡለት። ሰውም ይስቅብኛል» አለችኝ።

ለማን እንደሚነገር አሰብሁ። ይህን ደብዳቤ የጻፍሁት ለዚህ ነው።

የራሴን ጥፋት ለእናንተ አላሻግርም። አይቼ ነበር፤ አውቄ ሰፍቻለሁ። ፈቃዴን እንዳልነጠቅ ፈርቼ ዝም አልሁ፣ ፈቃዴንም ተነጠቅሁ። እናቲቱ «አንተስ ምን ትላለህ?» ስትለኝ አንድ ቃል ብመልስላት ኖሮ፣ ያቺ ልጅ ቢያንስ ነጠላዋን ደርባ ትቀር ነበር። ኃጢአቴን ለንስሐ አባቴ ተናግሬአለሁ። እርሳቸውም ሰባት ቀን ስግደት ከሰጡኝ በኋላ፣ «አፍህን የዘጋኸው በገበያ ነው፤ የምትከፍተውም በገበያ ነው» አሉኝ።

ስለዚህ አሁን በየገበያው ቀን ከወይዘሮ አልጣሽ ጋር ከወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ሥር እንቆማለን። ለሚገዛ ሰው ሁሉ፣ ጨርቁን ከፀሐይ አንጻር ግለጡት እንላለን። ሁለቱን ጠርዞች አጋጥማችሁ ቀለማቸውን አስተያዩ። ነጭ ነገር አርጥባችሁ ፈትጉት። በሁለት እጅ ወደ ጎን ሳቡና ክሩ ከክር የሚሸሽ እንደሆነ እዩ። ቁራጭ ለምኑ፣ በስንዝር ለኩ፣ ነክራችሁ አድርቁና መልሳችሁ ለኩ። ነጋዴው ይህን ከከለከላችሁ ጨርቁን ሳታዩት አይታችሁታል ማለት ነው፣ ሂዱ። ወይዘሮ አልጣሽ ደግሞ ዓይናቸው ለደከመ አሮጊቶች በጣት ማሸቱን ታስተምራለች፤ እኔ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቼ ጣቴ የእርሷን ያህል አያውቅም።

በቀደም ከአምቢኮ ሁለት ቀን ተጉዞ የመጣ አንድ ገበሬ፣ ለሚስቱ ሊገዛ የነበረውን ጨርቅ እንዲህ አድርጎ ፈትኖ ለባለሱቁ መለሰው። ከዚያ ወደኛ ዞሮ፣ «ይኼን ሥራ የምትሠሩት መንግሥት ደሞዝ ቆርጦላችሁ ነው?» ብሎ ጠየቀን። «የለም፣ ወንድሜ፤ ደሞዙ የተቆረጠው ለሌላ ሰው ነው» አልሁት። አምኖኝ እንደሆነ እንጃ፤ እየሳቀ ሄደ።

ሱቄ ይከፈትልኝ ብዬ አልለምንዎትም። ካሣም አልጠይቅም፤ ለስጦታ የሚመለስላት ዓመት በየትኛውም መሥሪያ ቤት ግምጃ ቤት እንደማይገኝ አውቃለሁ። የምለምንዎት አንድ ነገር ነው። መስከረም ሊጠባ ነው፣ አዲስ ጭነት ይመጣል። እባክዎ ከማኅተሙ አስቀድሞ አንድ ቢላዋ ይዘዙ። ባለሙያዎ ካርቶን መክፈት ከከበደው ወይዘሮ አልጣሽ በፈቃዷ መጥታ ትከፍትለታለች። እንዴት እንደሚገለጥም ታሳየዋለች። አትሰድበውም፤ ቃል ገብታልኛለች። ቃሏን መጠበቋን ግን በጽሑፍ ላረጋግጥልዎ አልችልም።

ለሕዝቡ ጥቅም ሲሉ ከእንቅልፍዎ የሚተርፈውን ጊዜ ሁሉ ለሚሠዉት ለእርስዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለወንበርዎ ጽናት፣ ለማኅተምዎ እርጥበት እየተመኘሁ፣ እጅ ነሥቼ የምሰናበት፣ ጉድለት የተገኘብኝ ታዛዥዎ

ያርጋል ዋሴ
የቀድሞ ልብስ ሰፊ

ግልባጭ፦
ለአርባ ሦስቱ እናቶች
ለኮሚቴው አምስት አባላት፣ በጽሑፍ ስለሚወዱ
ለቆላ ወላጆች፣ ዝናብ ሳይመጣ ቢደርሳቸው

ድኅረ ጽሑፍ፦ በመልካም አስተዳደር ሳምንት መድረክ ላይ የለበሱት ጥቁር ኮት እጅግ ያምርብዎታል። ነገር ግን ከጀርባው፣ በመሰንጠቂያው ላይ፣ በነጭ ክር የተሰፋች መስቀል የምትመስል ነገር አለች። ያች ጌጥ አይደለችም። ኮቱ በመንገድ እንዳይከፈት ፋብሪካው የሚያስራት ናት፤ ሰው በገዛው ቀን ይፈታታል። እርስዎ ግን በሄዱበት ሁሉ ይዘዋት ሦስት ዓመት ኖረዋል። ከኋላዎ የሚሄዱት ባለሙያዎችዎ ሁሉ ያዩዋታል፣ አቶ ገዱም ያያታል። እስከ ዛሬ ያልነገሩዎት ስለሚያከብሩዎት መስሎኝ ነበር፤ ጠይቄ እንደተረዳሁት ግን፣ ከኋላዎ ሆነው የሚስቁበት እንዳያጡ ብለው ነው።